ከጥር እስከ ነሐሴ፦ የቤተሰብ የክፉ ቀን ስንቅ በዘንዘልማና በጣና ዳር

አኅጽሮተ ጥናት

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ በዘንዘልማና በአካባቢው በጣና ዳር የሚኖር ቤተሰብ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅ በምን ሊለካ እንደሚገባው መመርመር ነው። ጥናቱ ዳሰሳዊ ሲሆን፣ ስለ እህል አጠባበቅ፣ ስለ አስቸኳይ ጊዜ የምግብና የውኃ መስፈርቶች እንዲሁም ስለ አካባቢው አዝመራ የታወቁ መረጃዎችን አገናዝቦ ይተነትናል። ትንተናው እንደሚያሳየው የስንቅ ዋጋ የሚታወቀው በጥር ወር ወደ ጎታ በገባው ኩንታል ሳይሆን በነሐሴ ወር ሊበላ በሚችለው ቀሪ ነው። ይህ ቀሪ በእህሉ ዓይነት፣ በአጠባበቁ፣ እንዲሁም ወፍጮና ማገዶ በሚታጣበት ጊዜ ለአፍ ሊደርስ በመቻሉ ይወሰናል። በዚህም መነሻነት ጥናቱ ለአምስት ሰው ቤተሰብ የሚሆን ባለ ሦስት እርከን የስንቅ አያያዝ ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ስንቅ፣ ጎታ፣ ነቀዝ፣ ዳጉሳ፣ ጓያ፣ ዘንዘልማ

1. መግቢያ

ዘንዘልማ ከባሕር ዳር ከተማ በዓባይ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው አቅጣጫ ትገኛለች። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ የተቋቋመባት ይህች ቀበሌ ገጠርም ከተማም ናት፤ አርሶ አደሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የቀን ሠራተኛውና ቤት ተከራይቶ የሚማረው ወጣት ጎን ለጎን ይኖሩባታል። ከከተማው ገበያ ጋር የሚያገናኛት መንገድ ዓባይን በድልድይ ይሻገራል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ይህን ግንኙነት አቅልሎታል፤ ሆኖም መንገድ በተቋረጠ ጊዜ ቤተሰብ የሚተማመነው በቤቱ ባለው ብቻ መሆኑን አልለወጠውም።

ለክፉ ቀን ማስቀመጥ በአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውና «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ መሬቱ ጦም ባደረበት ዘመን የደረሰ ነው። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. የተከሰቱት ረኃቦችም በሕዝብ ትውስታ ውስጥ ናቸው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የችግሩ መልክ ተለውጧል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በሀገሪቱ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን በከተሞች ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር በሽሚያ ተገዝተው ዋጋቸው ናረ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ያለውን ሁኔታ ተከትሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ መዘጋቱ፣ ኢንተርኔት መቋረጡና ነዳጅ መጥፋቱ ለብዙ ቤተሰቦች ገበያ ሁልጊዜ ክፍት እንደማይሆን አሳይቷቸዋል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚደረግ ሩጫ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ብሂል የሚያስታውስ ነው። በሽሚያ የገዛ ሰው በውድ ዋጋ ይገዛል፤ ለሌላውም ዋጋውን ያስወድዳል። ስለዚህ ስንቅ አስቀድሞ፣ በልክና በዕውቀት የሚያዝ ጉዳይ ሊሆን ይገባል።

2. የጥናቱ ጥያቄዎችና አቀራረብ

ጥናቱ ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣል። አንደኛ፣ ለአንድ ቤተሰብ ምን ያህል ስንቅ ይበቃዋል? ሁለተኛ፣ በአካባቢው ከሚመረቱት እህሎች የትኛው እስከ ክረምት መውጫ ይቆያል? ሦስተኛ፣ የተቀመጠው እህል በችግር ጊዜ በእርግጥ ምግብ ሊሆን የሚችለው በምን ሁኔታ ነው?

በስሌቱ አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ እንደ ማሳያ ተወስዷል። የሚሸፈነው ጊዜ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። አካባቢው አንድ ዋና የዝናብ ወቅት ስላለው የመኸሩ እህል ከኅዳር እስከ ጥር ይሰበሰባል፤ ጎተራ የሚጎድለው፣ የገበያ ዋጋ የሚወጣውና መንገድ በጭቃ የሚበላሸው ደግሞ በክረምት ነው። ከዚህ በላይ አርሶ አደሩ የማዳበሪያ ዕዳና ሌላ ወጪ ለመክፈል እህሉን ዋጋው ዝቅ ባለበት በጥር ሸጦ በሐምሌ በውድ የሚገዛበት ሁኔታ የተለመደ ነው። ከጥር እስከ ነሐሴ ያለው ርቀት፣ ሰባት ወር፣ የስንቅ እውነተኛ ፈተና ነው።

3. ትንተና

3.1 የሚያስፈልገው መጠን

በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን በአማካይ 2,100 ኪሎ ካሎሪ እንዲታሰብ ዓለም አቀፍ መስፈርቶች ያመለክታሉ። በኢትዮጵያ የተለመደው የእርዳታ ምጣኔ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ሲሆን፣ ሲሰላ ወደዚሁ መጠን ይጠጋል።

ይህ ምጣኔ ለአምስት ሰው ቤተሰብ ለሦስት ወር ሲባዛ 225 ኪሎ እህል፣ 22.5 ኪሎ ጥራጥሬና 6.75 ሊትር ዘይት ይሆናል። በቀን ለአንድ ሰው 5 ግራም ቢታሰብ ደግሞ 2 ኪሎ ከሩብ ገደማ አዮዲን ያለው ጨው ያስፈልጋል። ስለዚህ የቤተሰቡ የክረምት ስንቅ ከሁለት ኩንታል ተኩል ያነሰ እህል ነው። መካከለኛ አዝመራ ላገኘ አርሶ አደር ይህ የማይደረስበት መጠን አይደለም። ችግሩ ያለው 225 ኪሎ ማስገባቱ ላይ ሳይሆን 225 ኪሎውን ማግኘቱ ላይ ነው።

3.2 የሚቆየውና የማይቆየው እህል

በባሕር ዳር ዙሪያ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ በስፋት ይመረታሉ። በምርት ብዛት በቆሎ ይበልጣል፤ ቢኤች 540 እና ቢኤች 660 የተባሉት ድቅል ዝርያዎች በምዕራብ ጎጃም ከተስፋፉ ወዲህ በቆሎ የብዙ ቤተሰብ ዋና ቀለብ ሆኗል። በጎታ ውስጥ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳውም እርሱ ነው።

ምክንያቱ የፍሬው መጠን ነው። የበቆሎ ነቀዝ እንስት ፍሬውን ቦርቡራ በውስጡ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እጩም በዚያው ፍሬ ውስጥ እየተመገበ ያድጋል። ለዚህ እድገት የሚበቃ ቤትና ምግብ ያስፈልገዋል። የአንድ የበቆሎ ፍሬ ክብደት ከአንድ ሺህ ገደማ የጤፍ ፍሬዎች ክብደት ጋር ይቀራረባል። ነቀዝ በጤፍ ፍሬ ውስጥ ሊያድግ አይችልም፤ የዳጉሳ ፍሬም ለእርሱ እጅግ ታናሽ ናት። ጤፍና ዳጉሳ በደረቅ ቦታ ከተቀመጡ ለዓመታት ሳይነቅዙ የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ አርሶ አደሮች ጤፍን ከባቄላ ወይም ከሌላ ትልልቅ ፍሬ ካለው እህል ጋር ቀላቅለው ማስቀመጣቸውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ጥቃቅኑ ፍሬ በትልልቆቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነፍሳቱ እንዳይንቀሳቀሱ ያግዳል።

ዳጉሳ በዚህ ረገድ ሁለት ብልጫ አለው። አንደኛው ከጤፍ ይልቅ ዋጋው ዝቅ የሚል መሆኑ ነው። ሁለተኛው ዘሩ ነው፤ የድቅል በቆሎ ፍሬ ተመልሶ ቢዘራ ምርቱ ስለሚቀንስ ገበሬው በየዓመቱ ዘር መግዛት ይኖርበታል፤ በቤት የተቀመጠ ዳጉሳ ግን ምግብም ዘርም ነው። መንገድ ተዘግቶ የተሻሻለ ዘር ባልደረሰበት ዓመት ይህ ልዩነት የሚቀጥለውን ዓመት አዝመራ ሊወስን ይችላል። ነገር ግን ባሕር ዛፍና ጫት በአካባቢው እየተስፋፉ፣ ከተማውም ወደ እርሻ መሬት እየገፋ በሄደ መጠን የዳጉሳ ማሳ እየጠበበ ይሄዳል። ሳይነቅዝ የሚቆየው እህል ከማሳው ሲቀንስ የቤቱም ስንቅ የመቆየት አቅም አብሮ ይቀንሳል።

3.3 ነቀዝ፣ እርጥበትና መርዝ

በሞቃት አየር የበቆሎ ነቀዝ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ነፍሳት ለመድረስ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ከጥር እስከ ነሐሴ ስለዚህ አራትና አምስት ትውልድ ሊፈራረቅ ይችላል። በጥር ወር ጥቂት ነቀዝ ይዞ የገባ በቆሎ በሐምሌ ዱቄቱ የሚረግፍ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ፍሬ የሚሆነው በዚህ ስሌት ነው።

የመጀመሪያው መከላከያ ማድረቅ ነው። በቆሎ ወደ ማስቀመጫ ሲገባ የእርጥበት መጠኑ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ቤት ቀላል ፍተሻ አለ። ደረቅ የመስተዋት ጠርሙስ እስከ ሢሶው በእህል ይሞላል፤ አንድ ሁለት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመርና ተከድኖ ይናጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው ማለት ነው፤ ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ጨው ባይጣበቅም ተጨማሪ አንድ ሁለት ቀን ማስጣት አይጎዳም። እርጥብ እህል ሻጋታን ይጋብዛል፤ ከሻጋታም አንዳንዱ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል።

ሁለተኛው መከላከያ ዕቃው ነው። ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የሚሠሩት ጎታና ድብኝት እህሉን ከአይጥና ከዝናብ ይከላከላሉ፤ ነገር ግን አየር ስለሚያስገቡ ነቀዝን አያፍኑም። ፒክስ በሚል ስም የሚታወቀው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በተለየ መንገድ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለካሜሩን ገበሬዎች የተዘጋጀው ይህ ከረጢት በውስጡ ሁለት ወፍራም ፕላስቲኮች፣ በውጭ ደግሞ የተለመደው የማዳበሪያ ዓይነት ጆንያ አለው። አፉ በደንብ ሲታሰር በውስጡ ያሉት ነፍሳት ኦክስጅኑን ተንፍሰው ይጨርሱትና መመገብና መራባት አቁመው ይሞታሉ፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። ከረጢቱ በየጊዜው ከተከፈተ ግን አየሩ ስለሚታደስ ጥቅሙ ይጠፋል። ስለዚህ ስንቁን በበርካታ ከረጢቶች ከፋፍሎ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አለመክፈት ተገቢ ነው። ከረጢቱም በርብራብ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ ይቀመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ የደረሰው ጎርፍ ለጣና ዳር ቤቶች ወለል ላይ የተቀመጠ እህል ምን ሊደርስበት እንደሚችል አሳይቷል።

ሦስተኛው ጉዳይ ሕይወትን የሚመለከት ነው። ፎስቶክሲን በሚባል ስም የሚታወቀው ክኒን በየቤቱ ጆንያ ውስጥ ሲጨመር ይታያል። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዝን እንደሚገድል ሁሉ በዚያው ቤት የተኛውን ሰው ይገድላል፤ የተለየ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ይህ ኬሚካል በሠለጠነ ባለሙያ፣ ሰው በማይኖርበትና በተዘጋ መጋዘን ብቻ የሚሠራበት ነው። ልጆች በሚያድሩበት ጎጆ ውስጥ ስንቅን በፎስቶክሲን መጠበቅ ከረኃብ ለማምለጥ ሲባል ሞትን ከራስጌ ማስቀመጥ ነው።

3.4 ወፍጮ በቆመ ጊዜ

በጎታ ያለ እህል ገና እንጀራ አይደለም። የዘንዘልማ ቤተሰብ እህሉን የሚያስፈጨው በኤሌክትሪክ ወይም በናፍጣ በሚሠራ ወፍጮ ነው። መብራት ሲጠፋና ነዳጅ ሲታጣ ወፍጮው ይቆማል፤ ሴቶች ተንበርክከው ይፈጩበት የነበረው የድንጋይ ወፍጮና መጁ ደግሞ ከብዙ ቤት ወጥቷል። ሁለት ኩንታል እህል ያለው ቤት ዱቄት አጥቶ ሊቸገር የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ሁሉንም አስፈጭቶ ማስቀመጥ መፍትሔ አይሆንም። በተለይ የበቆሎ ዱቄት በፍሬው ውስጥ ያለው ቅባት አየር ሲያገኘው ቶሎ ይመራል። ስለዚህ ስንቅ በሦስት እርከን ሊከፈል ይገባዋል።

የመጀመሪያው እርከን ሳይፈጭና ብዙ ሳይበስል የሚበላ ሲሆን፣ የቀደሙት ትውልዶች ለመንገድና ለዘመቻ ሲይዙት የኖሩት ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ። ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም ቢታሰብ ለአምስት ሰው ለሰባት ቀን 14 ኪሎ ይበቃል። ሁለተኛው ለሁለት ሳምንት ያህል የሚሆን ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ ነው፤ ይህም ዘወትር ከፊት ያለው እየተበላ በአዲስ ይተካል። ሦስተኛው በከረጢትና በጎታ ያለው ጥሬ እህል ነው። ወፍጮ በጠፋ ጊዜ ይህ ሦስተኛው እርከን ንፍሮ ሆኖ ሊበላ ይችላል፤ ንፍሮ ግን ብዙ ማገዶ ስለሚፈልግ እህሉን አስቀድሞ መዘፍዘፍና ጥቂት ደረቅ ማገዶ ወይም ከሰል ከዝናብ ጠብቆ ማቆየት የስንቁ አካል ነው።

3.5 ጓያ፦ ከረኃብ ወደ ሽባነት

ጓያ በጣና ዙሪያ ውኃ በሚተኛበት ጥቁር መሬት ላይም ሆነ በድርቅ ወቅት ሌላው ሰብል ሲከሽፍ ይበቅላል። ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ በችግር ጊዜ የደኻ መሸሸጊያ ነው። ነገር ግን በውስጡ የነርቭ መርዝ አለ። አንድ ሰው ለሁለትና ለሦስት ወር ጓያን ዋና ምግቡ ካደረገ እግሮቹ ሊደርቁና ዳግመኛ ላይድኑ ይችላሉ። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያ የደረሰው የሽባነት ወረርሽኝ በሕክምና ጥናቶች የተመዘገበ ሲሆን፣ ጉዳቱ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ ይበረታል።

በዚህ ምክንያት የጓያ ብዛት በስንቅ ዝርዝር ውስጥ እንደ ሀብት ብቻ ሊቆጠር አይገባም። ከሽምብራ፣ ከባቄላና ከምስር ጋር ተሰባጥሮ፣ ከእህል ጋር በጥቂቱ ቢበላ አደጋው ይቀንሳል። ጓያውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ከመርዙ የተወሰነውን ያወጣል፤ ሁሉንም ግን አያወጣም። 22.5 ኪሎውን ጥራጥሬ አስቀድሞ በስብጥር ማስቀመጥ ቤተሰቡ በነሐሴ በጓያ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ያደርገዋል።

3.6 በሐይቅ ዳር ውኃን ማስቀመጥ

ጣና በዓይን እየታየ ስለ ውኃ ስንቅ መናገር እንግዳ ሊመስል ይችላል። የቧንቧ ውኃ በመብራት የሚገፋ እንደመሆኑ መብራት ሲጠፋ እርሱም ይቋረጣል። የሐይቅ፣ የወንዝና ያልተጠበቀ ጉድጓድ ውኃ ደግሞ በተለይ በክረምት ጎርፍ ቆሻሻ ስለሚያስገባበት ሳይታከም አይጠጣም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ በተባለው የጠበል ቦታ የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ ሰው በተሰበሰበበትና ንጹሕ ውኃ ባነሰበት በሽታው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚዛመት ያሳያል።

ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ቢታሰብ ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን 45 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህም ባለ 25 ሊትር ሁለት ጀሪካን ማለት ነው። ጀሪካኑ ታጥቦ፣ ተከድኖ፣ ውኃው በየጊዜው መለወጥ አለበት። ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ውኃ ተጣርቶ መፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት መታከም ይገባዋል። ጥቂት የኦ.አር.ኤስ. ከረጢቶችም ከስንቁ ጋር ሊቀመጡ ይገባል። እርሱ ባይገኝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጠጣት ሕመምተኛው ጤና ተቋም እስኪደርስ ሰውነቱ ከሚያጣው ፈሳሽ ይተካለታል።

3.7 ማሳ የሌለው ነዋሪ

ከላይ የተጠቀሰው ስሌት ጎታ ላለው ቤት ነው። በአንዲት ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ተማሪ ወይም የቀን ሠራተኛ የሦስት ወር ስንቅ ገንዘቡም ቦታውም አይፈቅድለትም። የሁለት ሳምንት ስንቅ ግን ይቻላል፤ በዚያው ምጣኔ ለአንድ ሰው 7 ኪሎ እህል፣ 0.7 ኪሎ ጥራጥሬና ከሩብ ሊትር ያነሰ ዘይት ነው። በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ በአንድ ወር ውስጥ ሊሟላ ይችላል። ጎረቤቶች በዕቁብ ገንዘብ አሰባስበው በጥር ወር እህል በጋራ ቢገዙ ደግሞ በችርቻሮ ከሚገዙበት ዋጋ ይቀንስላቸዋል።

በዚህ ላይ ስንቅንና ክዘናን መለየት ያስፈልጋል። ነጋዴ ዋጋ እስኪወጣ እህል ሲደብቅ ከገበያው ይቀንሳል። በመኸር ጊዜ ለቤቱ የሚበቃውን ያስቀመጠ ቤተሰብ ግን እህል በጠፋበት በነሐሴ ከሽሚያው ስለሚወጣ ገበያውን ምንም ላልያዘው ጎረቤቱ ይለቅለታል።

4. ማጠቃለያ

በዘንዘልማና በጣና ዳር የክፉ ቀን ስንቅ የመያዝ ልማድ አልጠፋም፤ የተለወጠው ልማዱ የተመሠረተበት ሁኔታ ነው። ሳይነቅዝ የሚቆየው ዳጉሳ ቦታውን ለሚነቅዘው በቆሎ ለቅቋል፤ በቤት ይፈጭ የነበረው እህል በመብራትና በነዳጅ ላይ ጥገኛ ሆኗል፤ የችግሩም ምንጭ ከዝናብ መጥፋት በተጨማሪ የመንገድ መዘጋት ሆኗል። መንግሥትና እርዳታ ሰጪዎች የሚይዙት መጠባበቂያ እህል ደግሞ የሚደርሰው መንገድ ሲከፈት ነው። እስከዚያ ያሉትን ሳምንታት የሚሸፍነው ቤተሰቡ ራሱ ነው። ስለዚህ ስንቅ ሲመዘን በጥር የገባውን ኩንታል ሳይሆን በነሐሴ ለልጆች ሊቀርብ የሚችለውን ማዕድ መቁጠር ይገባል።

5. የመፍትሔ ሐሳቦች

ከትንተናው በመነሣት የሚከተሉት ቀርበዋል።

ሀ) አምስት አባላት ያሉት አርሶ አደር ቤተሰብ ከመኸሩ 225 ኪሎ እህል ለክረምት ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ከዚህም ቢያንስ ግማሹ ዳጉሳና ጤፍ ቢሆን። የዘር እህል ለብቻው ይቀመጥ።

ለ) በቆሎ በጨው ተፈትሾ፣ ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ተከፋፍሎ ቢቀመጥ፤ ፎስቶክሲን ሰው በሚኖርበት ቤት ፈጽሞ እንዳይገባ የግብርናና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በጋራ ቢያስተምሩ።

ሐ) የሰባት ቀን በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ፣ የሁለት ሳምንት ዱቄትና ሽሮ፣ የሦስት ቀን ውኃና ደረቅ ማገዶ በየቤቱ ቢኖር፤ በየወሩም ከፊት ያለው እየተበላ በአዲስ ቢተካ።

መ) ጎታውን የምትከፍተውና በልክ የምታወጣው በአብዛኛው የቤቱ እመቤት በመሆኗ ስለ እህል አጠባበቅ የሚሰጥ ሥልጠና በቅድሚያ ለእርሷ ቢደርስ። እህል በጥር ከመሸጡ በፊትም የክረምቱ ድርሻ በባልና በሚስት ስምምነት ቢለይ።

ሠ) በዘንዘልማ የሚገኘው የግብርና ኮሌጅ ከአጎራባች አርሶ አደሮች ጋር በመሆን የዳጉሳ፣ የጤፍና የበቆሎን ቆይታ ከጥር እስከ ነሐሴ በአርሶ አደሩ ቤት በተከታታይ የሚመዝን የድኅረ ምረቃ ጥናት ቢያካሂድ፤ ውጤቱም በቀበሌው ስብሰባ ላይ ለባለቤቶቹ ተመልሶ ቢነገር።